የማይታየውን የማየት ጥበብ፦ ከወጌሻ እጅ እስከ ሲቲ ስካን

በምዕራብ ጎጃም ደጋ፣ በፈረስ ቤት ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ አንድ ሰው ከዛፍ ላይ ወይም ከበቅሎ ወድቆ ክንዱን ቢጎዳ ቤተሰቡ በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ «ተሰብሯል ወይስ ወልቋል?» የሚል ነው። ለዘመናት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ የኖረው ወጌሻ ነው። ወጌሻው ያበጠውን ቦታ በጣቶቹ ይዳስሳል፤ የአጥንቱን መንቀጫቀጭ ያዳምጣል፤ የታመመውን ክንድ ከጤነኛው ጋር ያስተያያል፤ ከዚያም ይፈርዳል። ጣቶቹ ብዙ ነገር ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ከቆዳና ከሥጋ ሥር ያለውን አጥንት ሊዳስሱት እንጂ ሊያዩት አይችሉም።

ይህ ችግር የወጌሻው ብቻ አልነበረም። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ድረስ በፓሪስም ሆነ በለንደን የነበረ ሐኪም በሕይወት ያለን ሰው ሰውነት ሳይቀድ አጥንቱን የሚያይበት አንዳችም መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ግን ከዚያው ከፈረስ ቤት ገጠር በቃሬዛ የተነሣ በሽተኛ በወረዳው ሆስፒታል ራጅ ሊነሣ፣ ካስፈለገም በሪፈራል ወረቀት ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ተልኮ ይበልጥ በተራቀቁ መሣሪያዎች ሊመረመር ይችላል። ለመሆኑ በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ የሚከናወነው ምንድን ነው? መሣሪያዎቹስ እርስ በርሳቸው በምን ይለያያሉ? ጉዳትስ ያስከትላሉን? በዚህ ጽሑፍ ውድ አንባብያንን ይዘን የራዲዮሎጂ ክፍልን በር እናንኳኳለን።

የ1888 ዓ.ም ሁለት ታሪኮች

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ምሽት ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራው ውስጥ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት የመስታወት ቱቦ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ምርምር ያደርግ ነበር። ቱቦውን በጥቁር ካርቶን ሸፍኖት ስለነበር ብርሃን ሊያመልጥ አይችልም። ሆኖም በአቅራቢያው የነበረ የባሪየም ውሁድ የተቀባ ሰሌዳ በጨለማው ውስጥ ሲያበራ ተመለከተ። ካርቶኑን ሰንጥቆ የሚያልፍ፣ ነገር ግን ለዓይን የማይታይ አንድ ነገር ከቱቦው እየወጣ መሆኑን ተረዳ። ምንነቱን ገና ስላላወቀው፣ በሒሳብ ላልታወቀ ነገር በሚሰጠው ፊደል «ኤክስ ጨረር» ብሎ ጠራው። ከስድስት ሳምንታት በኋላ የባለቤቱን የአና በርታን እጅ በዚሁ ጨረር አነሣ፤ በምስሉ ላይ የጣቶቿ አጥንቶችና ቀለበቷ ጎልተው ታዩ። ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ግኝቱን በፈጠራ መብት አላስከበረውም፤ ማንም እንዲጠቀምበት ተወው።

ያ ምሽት በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም ነበር። ከዚያ በኋላ በ114ኛው ቀን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም፣ የዓድዋ ጦርነት ተካሄደ። ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ዓመት ውስጥ መዋላቸው የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ግንኙነታቸው በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በሜይ 1896 በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪም በኢትዮጵያው ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የጣሊያን ወታደሮችን በአዲሱ ጨረር አንሥቶ በክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ያለበትን ቦታ ፈለገ። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ኤክስሬይ ለጦር ቁስለኛ የዋለበት የመጀመሪያው ጊዜ አድርገው ይጠቅሱታል። በአበሻ ምድር የተተኮሰ ጥይት በዓለም የጦር ሕክምና ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው በጨረር የተፈለገ ጥይት ሆነ ማለት ነው።

ጣሊያንኛ በቋንቋችንም ላይ አሻራውን ትቷል። ሕዝባችን «ራጅ ተነሣሁ» ሲል የሚጠቀምበት ቃል በጣሊያንኛ ጨረሮች ማለት ከሆነው «ራጂ» ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው። እኛም ከዚህ በኋላ በዚሁ በተለመደው ቃል እንጠቀማለን።

በራጅ ክፍል ውስጥ

የራጅ ማሽን ዋና አካል ዛሬም እንደ ሮንትገን ዘመን አየር አልባ ቱቦ ነው። በቱቦው አንድ ጫፍ ላይ ያለችው ቀጭን የሽቦ ጥምዝ በኤሌክትሪክ ስትግል ኤሌክትሮኖችን ትለቃለች። በሁለቱ ጫፎች መካከል ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 120 ኪሎቮልት የሚደርስ የኤሌክትሪክ ግፊት ይደረጋል። አንድ መቶ ኪሎቮልት በቤታችን ከምንጠቀምበት 220 ቮልት ጋር ቢነጻጸር ከ450 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በዚህ ግፊት የተወነጨፉት ኤሌክትሮኖች በሌላው ጫፍ ካለው የተንግስተን ብረት ጋር ሲላተሙ በድንገት ይገታሉ፤ ከያዙት ጉልበት አንድ ከመቶ ያህሉ ብቻ ወደ ኤክስ ጨረር ሲለወጥ የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ተንግስተን የተመረጠው ከብረቶች ሁሉ በከፍተኛ ሙቀት የሚቀልጥ በመሆኑ ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች ይህ ብረት በፍጥነት እንዲሽከረከር ይደረጋል፤ አለዚያ ኤሌክትሮኖቹ ያለማቋረጥ የሚያርፉበት ነጥብ ሊበሳ ይችላል። ራጅ ከመነሣታችን ጥቂት ቀደም ብሎ የምንሰማው ድምፅ የዚህ ብረት መሽከርከር ነው።

የራጅ ምስል በመሠረቱ ጥላ ነው። ልዩነቱ ጥላውን የሚጥለው ብርሃን ሥጋን ሰንጥቆ የሚያልፍ መሆኑ ላይ ነው። አንድ ንጥረ ነገር ይህን ጨረር ውጦ የማስቀረት ችሎታው በአተማዊ ቁጥሩ ላይ በእጅጉ የተመሠረተ ነው። ጨረሩ በአተም ሙሉ በሙሉ የሚዋጥበትን ሂደት ብቻ ብንወስድ፣ በእኩል ክብደት ሲታይ ችሎታው በአተማዊ ቁጥሩ ሦስተኛ ርቢ መጠን ያህል ያድጋል። የአጥንት ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ካልሲየም አተማዊ ቁጥሩ 20 ነው፤ በሥጋና በውሃ ውስጥ የሚበዛው ኦክስጅን ደግሞ 8 ነው። ሃያን ለስምንት አካፍለን ሦስተኛ ርቢውን ብንወስድ 15 ገደማ እናገኛለን። አጥንት በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ብዙውን ጨረር ስለሚያስቀርና ከበስተጀርባው ያለው ሰሌዳ ጨረር ስለማይደርሰው ነው። አየር የሞላው ሳንባ ግን ጨረሩን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ይጠቁራል። እርሳስ አተማዊ ቁጥሩ 82 በመሆኑ ለግድግዳና ለሽርጥ መከላከያነት ይውላል።

ይህን ያወቀ ሰው በራጅ ክፍል ውስጥ የሚሰጡት ትእዛዛት ምክንያታቸው ይገለጥለታል። የደረት ራጅ የሚነሣ ሰው ደረቱን ከሰሌዳው ጋር አጣብቆ ይቆማል፤ ጨረሩ ከጀርባው፣ 1.80 ሜትር ያህል ከሚርቅ ቦታ ይመጣል። እጅን ወደ ግድግዳ አስጠግተን በሩቅ ባለ መብራት ጥላውን ብንጥል ጥላው የእጃችንን ልክ ይመስላል፤ እጃችንን ወደ መብራቱ ብናስጠጋ ግን ጥላው ይገዝፋል። ልብም በፊት ለፊት በኩል ስለሚገኝ ወደ ሰሌዳው ካልቀረበ ጤነኛው ልብ ያበጠ መስሎ ሊታይ ይችላል። «በደንብ ተንፍስና ያዝ» የሚባለው ሳንባው በአየር ተሞልቶ ሰፊ እንዲሆንና በእንቅስቃሴ ምስሉ እንዳይደበዝዝ ነው።

ክንድ ወይም እግር ሲነሣ ቢያንስ ሁለት ምስል የሚወሰደውም እንዲሁ በምክንያት ነው። ወደ ዓይናችን ቀጥ ብሎ የተጠቆመ ዱላ ነጥብ መስሎ ይታያል፤ ርዝመቱን የምናውቀው ከጎን ስናየው ነው። ከፊት ሲታይ የተገጣጠመ የሚመስል አጥንት ከጎን ሲታይ አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ተንሸራቶ ሊገኝ ይችላል።

በአካባቢያችን ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚያስነሣው አንገት ላይ ያለውን አውልቁ መባል ነው። የማተብ ክር ለጨረሩ እንቅፋት አይሆንም፤ በክሩ ላይ የተንጠለጠለው የብር ወይም የናስ መስቀል ግን በደረት ምስል መካከል ነጭ ሆኖ ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል። በብር ማኅደር የተቀመጠ ክታብም እንዲሁ ነው። ወፍራም ሹሩባ እንኳ ትከሻ ላይ ካረፈ በሳንባው ጫፍ ላይ ጥላ ጥሎ በሽታ ሊመስል ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ በአዋቂዎች ላይ አዘውትሮ የሚታየው በሳንባ የላይኛው ክፍል ስለሆነ ይህ ጥላ ተራ ነገር አይደለም። ባለሙያው ክሩ ሳይበጠስ መስቀሉን ወደ ጀርባ ወይም ወደ ጎን በማድረግ ችግሩን የሚያቃልልበት ጊዜ አለ፤ በሽተኛውም ምክንያቱ ከተነገረው ይተባበራል።

ወጌሻና ራጅ

ወጌሻን መናቅ አይገባም። ሐኪም በሌለበት ዘመን የሕዝቡን አጥንት ሲጠግን ኖሯል፤ የወለቀ መገጣጠሚያን በመመለስ ረገድም ብዙዎች የተካኑ ናቸው። አደጋው የሚመጣው ከእሰሩ ነው። አጥንት ሲሰበር በዙሪያው ያለው ሥጋ ደም ይቋጥራል፣ ያብጣልም። እብጠቱ ገና በሚጨምርበት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ክንዱ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ከታሰረ ሥጋው ወደ ውጭ መስፋፋት ስለማይችል ውስጣዊ ግፊቱ ያድጋል። ግፊቱ በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ ካለው የደም ግፊት ሲበልጥ ደም መዘዋወሩን ያቆማል። ጡንቻ ያለ ኦክስጅን የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መሞት ይጀምራል። በዚህ ሁኔታ በአገራችን ሆስፒታሎች ቀላል ስብራት የነበረባቸው ልጆች እጃቸው ወይም እግራቸው እስከ መቆረጥ የደረሰበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ሐኪሞቻችንም በጥናቶቻቸው ደጋግመው ዘግበውታል።

ምልክቶቹን ማንም ሰው ሊያውቃቸው ይገባል። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹን ወደ ኋላ ቀጥ ሲያደርጉለት ልጁ ከጮኸ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ እሰሩ በዚያችው ደቂቃ ሊፈታና ልጁ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል። «ሕመሙ አጥንቱ ሲገጥም ነው፤ ይታገሥ» የሚለው ምክር እጅ ያሳጣል።

ራጅ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ድርሻ ቀድሞ መፍረድ ነው። አጥንቱ ሳይንሸራተት ተሰንጥቆ እንደሆነ በጀሶ ወይም በቀላል ድጋፍ ይበቃዋል፤ ተንሸራትቶ እንደሆነ ተስቦ ይስተካከላል፤ በመገጣጠሚያ ውስጥ አልፎ እንደሆነ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ይሆናል። ሆኖም ራጅ የደም ዝውውርን አያሳይም። ጥሩ ምስል ይዞ ጣቶቹን ያላየ ሐኪም ከወጌሻው የተሻለ ፍርድ አይሰጥም።

የሌሊት ወፍ ዘዴ

ከራጅ ክፍሉ አጠገብ ብዙውን ጊዜ የእናቶች ወረፋ የሚታይበት ሌላ ክፍል አለ። በዚያ የሚገኘው አልትራሳውንድ ከጨረራ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የሚሠራው በድምፅ ነው። የሰው ጆሮ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ይሰማል። የሕክምናው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 15 ሚሊዮን ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይጠቀማል። ይህን ድምፅ የሚያመነጨው የኪዩሪ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 ያገኙት ባሕርይ ነው፤ አንዳንድ ክሪስታሎች ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ሲጨመቁ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። ስለዚህ ያው ክሪስታል አፍም ጆሮም ሆኖ ያገለግላል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 የማኅፀንን ምስል በዚህ ዘዴ አሳትመው ለዓለም አስተዋወቁ።

የሌሊት ወፍ በጨለማ ድምፅ ለቅቃ የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ መንገዷን እንደምታገኝ ሁሉ መሣሪያውም ማሚቶው እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ይለካል። ድምፅ በሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል። ማሚቶው በ130 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ከተመለሰ የሄደውና የመጣው ርቀት በድምሩ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ድምፁን የመለሰው አካል በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል። ማሽኑ ይህን ስሌት በሰከንድ እልፍ ጊዜ እየደጋገመ ምስል ይሠራል። በሆድ ላይ የሚቀባው ቀዝቃዛ ጄል በመሣሪያውና በቆዳው መካከል ያለውን አየር ለማስወገድ ነው፤ ድምፅ ከአየር ወደ ሥጋ ሲሻገር ከሞላ ጎደል ሁሉም ተንጸባርቆ ይመለሳልና።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። የእርግዝናው ዕድሜ፣ መንትያ መሆን አለመሆኑ፣ የእንግዴ ልጁ አቀማመጥ በዚህ ይታወቃል። የእንግዴ ልጁ የማኅፀንን በር ዘግቶ የተቀመጠባት እናት ይህን ቀድማ ካላወቀች ምጧ ከሆስፒታል ርቆ ሲመጣ ደም ፈስሷት ልትሞት ትችላለች። ከደጋ ዳሞት ተራሮች በአንዱ ለምትኖር ሴት ያች የአሥር ደቂቃ ምርመራ የት እንደምትወልድ አስቀድማ የምትወስንባት ናት።

ጥላዎችን መደመር

ራጅ አንድ ከባድ ጉድለት አለው፤ ከፊትና ከኋላ ያለውን ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይደራርባል። ራሱን የተመታ ሰው በራጅ ቢነሣ የራስ ቅሉ ስንጥቅ ሊታይ ይችላል፤ ውስጥ የፈሰሰው ደም ግን አይታይም። ሰውን የሚገድለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቁ ሳይሆን ደሙ ነው።

መፍትሔውን ያገኙት አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ የደከሙ ሁለት ሰዎች ናቸው። በደቡብ አፍሪካ የተወለደው አለን ኮርማክ እ.ኤ.አ. በ1956 በኬፕታውን ግሩት ስኹር ሆስፒታል በፊዚክስ ባለሙያነት ሲያገለግል የችግሩን ሒሳብ መፍታት ጀመረ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ደግሞ ማሽኑን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን የመጀመሪያዋ በሽተኛ በሲቲ ስካን ታየች። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ሐሳቡ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልጀብራ የሚገለጽ ነው። በአራት ክፍሎች የተከፈለ አንድ ካሬ አስቡ፤ ከላይ ሀ እና ለ፣ ከታች ሐ እና መ አሉ። እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል ጨረር እንደሚያስቀር አናውቅም፤ በተለያየ አቅጣጫ ስናሳልፍ ግን ድምሩን እንለካለን። ሀ እና ለ በድምር 8፣ ሐ እና መ 5፣ ሀ እና ሐ 7፣ ሀ እና መ 4 ሆኑ እንበል። ሐ ማለት 7 ሲቀነስ ሀ፣ መ ማለት 4 ሲቀነስ ሀ ስለሆነ የሁለቱ ድምር 11 ሲቀነስ ሁለት ጊዜ ሀ ይሆናል፤ ይህም 5 ነው። ስለዚህ ሀ 3፣ ለ 5፣ ሐ 4፣ መ 1 ናቸው። ካሬውን ሳንከፍት በውስጡ ያለውን አወቅን። ሲቲ ስካን ቱቦውን በበሽተኛው ዙሪያ እያሽከረከረ፣ በአራት ክፍል ፈንታ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ክፍሎች ይህንኑ ይሠራል።

ውጤቱም በሃውንስፊልድ ስም በተሰየመ መለኪያ ይገለጻል። ውሃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ስብ ከዜሮ በታች 100 ገደማ ነው። የአንጎል ሥጋ ከ30 እስከ 40 ሲሆን አዲስ የፈሰሰ ደም ከ50 እስከ 80 ይደርሳል። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለችው ጠባብ ልዩነት ሐኪሙ የራስ ቅሉን ከፍቶ ደሙን ያውጣ ወይስ ይጠብቅ የሚለውን ትወስናለች።

ከሲቲ ስካን ጋር የሚምታታው ኤም አር አይ ደግሞ ኤክስ ጨረር የለበትም። የሚጠቀመው በሰውነታችን ውሃና ስብ ውስጥ በሞላው የሃይድሮጅን አስኳል ነው። በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ የገባ ሰው የሃይድሮጅን አስኳሎቹ ልክ እንደ እንዝርት መሾር ይጀምራሉ፤ በ1.5 ቴስላ ማግኔት ውስጥ በሰከንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይሾራሉ። በዚያው ድግግሞሽ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክባቸው ጉልበት ወስደው፣ ሞገዱ ሲቋረጥ መልሰው ይሰጣሉ፤ ማሽኑም ይህን ያዳምጣል። ማግኔቱ በአገራችን ካለው የመሬት ማግኔታዊ መስክ ወደ 40 ሺህ ጊዜ ይበረታል። በሰውነቱ ውስጥ የጥይት ፍንጣሪ፣ የብረት ስባሪ ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ ያለበት ሰው ይህን ሳይናገር እንዳይገባ አጥብቀን የምናሳስበው ለዚህ ነው።

«ጨረሩ አይጎዳም ወይ?»

የራጅና የሲቲ ስካን ጨረር ከአተም ኤሌክትሮን ነጥቆ የማውጣት ጉልበት ስላለው የሕዋሳትን የዘር ቅንጣት ሊጎዳ ይችላል። ይህ የታወቀው በመሥዋዕትነት ነው። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ቱቦዎቹን በገዛ እጁ ላይ እየሞከረ ቆይቶ ክንዶቹን ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ። ጥያቄው እንግዲህ መጠኑ ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

ሁላችንም ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከኅዋ በሚመጣ የተፈጥሮ ጨረራ ውስጥ እንኖራለን። የዓለም አማካዩ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው፤ ከኅዋ የሚመጣው ድርሻ ከባሕር ወለል ከፍ ባልን ቁጥር ስለሚጨምር የደጋ ሰው ከቆላው በጥቂቱ የበለጠ ያገኛል። የክንድ ወይም የእግር ራጅ 0.001 ሚሊሲቨርት ያህል ነው፤ ይህም የጥቂት ሰዓታት የተፈጥሮ ጨረራ ማለት ነው። የደረት ራጅ ቢበዛ 0.1 ሚሊሲቨርት፣ ማለትም የሁለት ሳምንት ያህል ነው። የራስ ሲቲ ስካን 2 ሚሊሲቨርት፣ የአሥር ወር ያህል፤ የሆድ ሲቲ ስካን ደግሞ 8 ሚሊሲቨርት ገደማ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ይሆናል። እንግዲህ «ራጅ መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ የወንድን የዘር ፍሬ ለጊዜው እንኳ የሚያዳክመው መጠን አንድ የደረት ራጅ ከሚያደርሰው ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። በሌላ በኩል «ሲቲ ስካን ካልተነሣሁ አልዳንኩም» ማለትም ልክ አይደለም።

ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ልትሆን እችላለሁ ብላ የምትጠረጥር ሴት ከመነሣቷ በፊት መናገር አለባት። ይህ ማለት ግን ፈጽሞ አትነሣም ማለት አይደለም፤ የተሰበረ ክንድ ራጅ ለፅንሱ የሚያደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ የሆድ ምርመራ ሲሆን ግን አልትራሳውንድ ይቀድማል። ባለሙያው በመስታወት ጀርባ የሚቆመው በሽተኛውን ለአደጋ አጋልጦ ራሱን ለማዳን አይደለም፤ በሽተኛው በዓመት አንድ ጊዜ ሲነሣ እርሱ በቀን ደርዘን ጊዜ ስለሚያነሣ ነው። ርቀትም ራሱ መከላከያ ነው፤ ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር የራቀ ሰው የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። አገራችንም ከ1986 ዓ.ም ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ሕግ አላት፤ በ2009 ዓ.ም ደግሞ አዲስ የጨረራና የኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ወጥቷል።

የመንገዱ ነገር

በጤና ሥርዓታችን ዕቅድ መሠረት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ይጠበቃል። መሣሪያዎቹም በዚሁ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ ራጅና አልትራሳውንድ ለሕዝቡ ቀረብ ሲሉ ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ይርቃሉ። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ድረስ በቡሬና በእንጅባራ በኩል ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከፈረስ ቤት ለተነሣ ሰው ደግሞ አስፋልቱ ላይ እስኪደርስ ያለው የደጋ መንገድ ይጨመርበታል፤ በክረምት ጭቃ ይህ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። በራሱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ያለ ሰው ግን የሚቆጠርለት በሰዓት ነው።

ርቀቱን ለማሳጠር ዓለም ከጥንትም ሞክሯል። ማሪ ኪዩሪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃያ ያህል መኪናዎችን በራጅ ማሽን አስታጥቃ ወደ ጦር ግንባር ልካለች። ዛሬ ምስሉ ዲጂታል ስለሆነ በሽተኛው ባለበት ሆኖ ምስሉ ብቻ ወደ ራዲዮሎጂስት ሊጓዝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሚደረግ የሳንባ ነቀርሳ ልየታ የደረት ራጅ በኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲነበብ ፈቅዷል። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ እንደመሆኗ ይህ በቀጥታ ይመለከታታል። ይሁንና ጥላው ጥርጣሬን ይጭራል እንጂ በሽታውን አያረጋግጥም፤ ማረጋገጫው የአክታ ምርመራ ነው።

ማሽን መትከል ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ኤሌክትሪኩ ሲቆራረጥ፣ የተቃጠለ ቱቦ የሚተካ ሲጠፋ፣ ምስሉን የሚያነብ ባለሙያ ሲታጣ ውድ መሣሪያ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። የፊዚክስ፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስናና የኮምፒውተር ተማሪዎች የሕክምና ጉዳይ የሐኪሞች ብቻ አድርገው እንዳይቆጥሩት የምንመክረው ለዚህ ነው። ሃውንስፊልድ ሐኪም አልነበረም፤ ኮርማክም አልነበረም።

ለጊዜው ግን እያንዳንዱ አንባቢ በቤተሰቡ ውስጥ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የተላከ ሰው ቀደም ሲል የተነሣውን ራጅና የሪፈራል ወረቀቱን ይዞ ይሂድ፤ አሮጌው ምስል ከአዲሱ ጋር ሲተያይ በሽታው መሻሉን ወይም መባሱን ያሳያል፣ ድጋሚ መነሣትንና ድጋሚ መክፈልንም ያስቀራል። ራሱን ተመትቶ ያስታወከ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ወይም አንድ ጎኑ የደከመ ሰው «ይተኛና ይሻለዋል» ተብሎ አይታደር። በቀርከሃ የታሰረ ልጅ ደግሞ ጣቶቹ በየሰዓቱ ይዳሰሱ፤ ከቀዘቀዙ እሰሩ ይፈታ።